የፈረሱ ሜዳ የማን ነው?

በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ በፈረስ ትሞላለች። ከባንጃ፣ ከፋግታ ለኮማ፣ ከአንከሻ ጓጉሳ፣ ከጓጉሳ ሽኩዳድ፣ ከዳንግላና ከሌሎችም ወረዳዎች የተሰባሰቡ ፈረሰኞች ፈረሶቻቸውን በጌጥ አስውበው ይሰለፋሉ፤ ይጋልባሉ፤ ጉግስ ይገጥማሉ። በ1932 ዓ.ም. እንደተመሠረተ የሚነገርለት የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓድዋና በኋላም በአምስቱ ዓመት የአርበኝነት ዘመን ለተሰለፉ አባቶችና ለፈረሶቻቸው መታሰቢያ እንዲሆን የቆመ አንጋፋ ማኅበር ነው። በዕለቱ ባለሥልጣናት ንግግር ያደርጋሉ፤ ቴሌቪዥን ይቀርጻል፤ ፈረስ የሕዝቡ የማንነት መገለጫ ስለመሆኑ፣ ለቱሪዝም ስላለው ፋይዳ፣ ለትውልድ ስለመተላለፉ ብዙ ይባላል። በዚያ ሁሉ ንግግር ውስጥ ግን አንድ ቀላል ጥያቄ ሲነሳ ሰምቼ አላውቅም። ይህ ሁሉ ፈረስ በቀሩት 364 ቀናት የሚግጠው የት ነው?

ጥያቄው ለቀልድ የቀረበ አይደለም። ፈረስ እንደ በሬ የሚያመሰኳ እንስሳ ባለመሆኑ የቀኑን አብዛኛውን ክፍል ሳር ሲግጥ መዋል ይኖርበታል። ጭድና ገለባ ለበሬ የክረምት መሸጋገሪያ ሊሆን ይችላል፤ ለፈረስ ግን ሜዳ ያስፈልገዋል። ሜዳው ሲጠብ ገበሬው መምረጥ ግድ ይሆንበታል፤ ሲመርጥም መጀመሪያ የሚያርስለትን በሬ፣ ቀጥሎ የምትታለበውን ላም ያስቀድማል። ፈረሱ ተራው የሚደርሰው ከሁሉም በኋላ ነው። እንግዲህ በዓሉን እያደመቅን ሜዳውን የምናጠፋ ከሆነ ከጥቂት አሥርተ ዓመታት በኋላ የሚቀረን በዓል የፈረስ ሥዕል ያለበት ቲሸርት የሚለበስበት ይሆናል።

ስለ ግጦሽ መሬት መራቆት ሲነሳ የአዲስ አበባ አንባቢ ኅሊና በቀጥታ የሚሄደው ወደ አፋር፣ ወደ ሶማሌና ወደ ቦረና ነው። አይፈረድበትም። እ.ኤ.አ. ከ2020 መገባደጃ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው በከሸፉበት ድርቅ ቦረና እጅግ ብዙ ከብት አጥቶ፣ የከብት ባለጸጋ የነበረው ሰው በመጠለያ ጣቢያ የስንዴ ተረጂ ሆኖ አይተናል። በዓለም ደረጃም ጉዳዩ እየተነሳ ነው። በረሃማነትን ለመዋጋት የተቋቋመው የተባበሩት መንግሥታት ኮንቬንሽን በግንቦት 2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት የግጦሽ መሬቶች ከምድር የብስ 54 በመቶ ያህሉን እንደሚሸፍኑ፣ ከእነዚህም እስከ ግማሽ የሚደርሰው ጉዳት እንደደረሰበት አስታውቋል። ጠቅላላ ጉባኤውም በሞንጎሊያ አነሳሽነት 2026ን የግጦሽ መሬቶችና የአርብቶ አደሮች ዓመት ብሎ ሰይሞታል። በእኛ አገር ግን ‘የግጦሽ መሬት’ የሚለው ቃል ‘አርብቶ አደር’ ከሚለው ቃል ጋር ብቻ ስለተጋባ፣ ከብቱ ከሞላ ጎደል ከደጋና ከወይና ደጋ አራሽ ገበሬ እጅ የሆነበት የአማራ ክልል ከዚህ ውይይት ውጭ ቀርቷል። በአገሪቱ ካለው ከ60 ሚሊዮን በላይ የቀንድ ከብት አብዛኛው የሚገኘው ደግሞ በአራሹ ገበሬ ደጅ ነው።

አዊ ለዚህ ዝምታ ጥሩ ማሳያ ይሆናል። የዞኑ መቀመጫ እንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች፣ ጭጋግና ዝናብ የማይለያት ከተማ ናት። ከእርሷ ወደ ሰሜን ዳንግላ በዓመት 1600 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ታገኛለች፤ ይህ ከአዲስ አበባ ይበልጣል። ታዲያ ስለ ደረቅ አገር ግጦሽ መልሶ ማገገም በምንነጋገርበት ጽሑፍ ዳንግላ ምን ታደርጋለች? መልሱ በዝናቡ አመጣጥ ላይ ነው። ከዚያ ዝናብ ከአሥር እጅ ዘጠኙ የሚወርደው ከግንቦት እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ነው። ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ያለው ግማሽ ዓመት ደረቅ ነው። ከብቱ አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ በየማሳው የቀረውን አገዳና ሳር ይለቅማል፤ ያ ሲያልቅ የሚተርፈው በየወንዙ ዳር ያለው ጨፌ ነው። በጥር፣ በየካቲትና በመጋቢት የአዊ ከብት በሕይወት የሚቆየው የምድር ውሃ ቅርብ በሆነበት፣ ሥሩ እርጥበት በማያጣ ሜዳ ነው። ሜዳውን ውሰዱበትና ዳንግላ በ1600 ሚሊ ሜትር ዝናቧ ለከብቱ ደረቅ አገር ትሆናለች። ወደ ምዕራብ ወርዶ ጃዊ የደረሰ ደግሞ ድርቀቱን ለማየት ይህን ያህል ማብራሪያ አያሻውም።

እዚህ ላይ በዳንግላ ወረዳ ዳንግሽታ ቀበሌ የተሠራ አንድ ሥራ መጥቀስ እወዳለሁ። እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከዓለም አቀፉ የውሃ አስተዳደር ተቋም ጋር ሆነው የአካባቢው ገበሬዎች ራሳቸው ዝናቡን፣ የወንዙን ከፍታና የጉድጓዱን ውሃ በየዕለቱ እየለኩ እንዲመዘግቡ አድርገዋል። ውጤቱ ሲመረመር የገበሬዎቹ ልኬት ከመደበኛው ጣቢያ መረጃ ጋር ተወዳድሮ የማያሳፍር ሆኖ ተገኝቷል። (ገበሬው መሬቱን አያውቅም እያሉ ሲያስተምሩት ለኖሩት ባለሙያዎች ይህ ጥቂት ማሰላሰያ ይሆናል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።) የጥናቱ ዓላማ ጥልቀት የሌለውን የከርሰ ምድር ውሃ ለአነስተኛ መስኖ ማዋል ይቻል እንደሆነ ማወቅ ነበር። ውሃ አለ፤ ይቻላልም። ነገር ግን ውሃው በደረቁ ወራት ለወለል የሚቀርበው በሜዳው ላይ፣ ማለትም ከብቱ በሚተርፍበት ሥፍራ ነው። አንድ ገበሬ ሞተር ፓምፕ ገዝቶ ከሜዳው ጠርዝ ሽንኩርትና ቲማቲም ቢተክል የግሉ ገቢ ያድጋል፤ የወረዳው ሪፖርትም በመስኖ የለማ መሬት በሚለው ረድፍ ላይ ይጨምራል። በዚያው ልክ የቀነሰው ግጦሽ የሚገባበት ረድፍ ግን ሪፖርቱ የለውም። መስኖ ክፉ ነው እያልኩ አይደለም፤ ከአንዱ ኪስ አውጥቶ ወደ ሌላው ኪስ መክተትን ዕድገት ብለን ስንቆጥር የወጣበትን ኪስ ማንም አይመለከትም ነው የምለው።

ለመሆኑ ሜዳው እንዴት ጠበበ? የሕዝብ ቁጥር መጨመር የመጀመሪያው መልስ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ‘ሕዝብ በዛ’ የሚለው መልስ ለባለሥልጣን ምቹ የሆነው ማንንም ተጠያቂ ስለማያደርግ ነው። ታሪኩን ስንከተል የወል መሬት የቀለጠው በውሳኔ ነው። የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ መሬትን የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ የጭሰኛውን ቀንበር ሰብሯል፤ በዚያው ግን በየአካባቢው ሜዳውን ሲያስከብር የኖረውን የርስት ሥርዓት አፍርሶ በምትኩ የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበርን አቆመ። ሊቀ መንበሩ አዲስ ጎጆ ወጪ በመጣ ቁጥር ከሜዳው ቆርሶ ይሰጥ ነበር። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የተካሄደው የመሬት ሽግሽግ ‘ቢሮክራት’ ከተባለው ላይ ነጥቆ ለሌላው ሲያድል፣ በጎጃም የተረፈው ቁስል ዛሬም ድረስ አልጠገገም፤ ያንኑ ተከትሎ ዳግም ሽግሽግ አይኖርም የሚል ተስፋ ለገበሬው ስለተሰጠ፣ መሬት ያልደረሰው ወጣት በተነሳ ጊዜ የሚሰጠው ነገር የወል መሬቱ ብቻ ሆነ። ተራራው ለወጣት ማኅበር፣ ሜዳው ለወጣት ማኅበር። ትምህርት ቤት ሲሠራ ሜዳው ላይ፣ ጤና ጣቢያ ሲሠራ ሜዳው ላይ፣ የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሲሠራ ሜዳው ላይ፣ ከተማው ሲሰፋ ሜዳው ላይ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። የገበሬ ማሳ ሲወሰድ ካሳ ይጠየቅበታል፤ ባለቤቱ ይጮኻል፤ ክስ ይመሠርታል። ሜዳ ሲወሰድ የሚጮኸው የሁሉም ጉዳይ ስለሆነ የማንም ጉዳይ አይሆንም። በመሆኑም ለመንግሥት በአገሪቱ ካለው መሬት ሁሉ ርካሹ የወል ግጦሽ ነው። ሕጉም ይህንኑ መንገድ ጠርጎለታል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456 መንግሥት የመሬት ባለቤት እንደመሆኑ የወል ይዞታን እንደ አስፈላጊነቱ ወደ ግል ይዞታ ሊለውጥ እንደሚችል ደንግጎ ነበር። ‘እንደ አስፈላጊነቱ’ የምትለዋ ሐረግ ስንት ሺህ ጋሻ ሜዳ እንደበላች የሚቆጥር ቢገኝ መልካም ነበር። አዋጁ በ2016 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1324 ተተክቷል፤ ለሃያ ዓመት ያህል የተሠራበት ልማድ ግን በአዋጅ ቁጥር አይተካም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የካሳ አዋጅ ቁጥር 1161 ለወል ይዞታም ካሳ እንዲታሰብ ማድረጉ በእርግጥ አንድ እርምጃ ነው። ይሁን እንጂ ካሳውን የሚቀበለው ማን ነው? ሜዳውን የሚጋጡት የሦስት ጎጥ አባወራዎች በሕግ ፊት እንደ አንድ አካል የሚታወቁበት ሰነድ ከሌላቸው፣ ገንዘቡ ቢመጣ እንኳ የሚያርፈው በቀበሌው ወይም በወረዳው ሒሳብ ነው።

ይህን ሁሉ የሚያስተባብሉ ወገኖች የሚያነሱት አንድ የቆየ ክርክር አለ። የወል መሬት በባሕርዩ ይራቆታል፤ እያንዳንዱ ሰው አንድ ከብት ጨምሮ ቢያሰማራ ጥቅሙ ለራሱ፣ ጉዳቱ ግን ለሁሉም ስለሚሆን ማንም አይቆጠብም፤ ስለዚህ ወይ ለግለሰብ ይከፋፈል፣ ወይ መንግሥት ይቆጣጠረው ይላሉ። ጋሬት ሃርዲን የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ሕይወት ሊቅ በ1968 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ይህ ሐሳብ በእኛ አገር ግብርና ቢሮዎች ስሙ ሳይጠቀስ እንደ ሃይማኖት ሲሰበክ ኖሯል። ኤሊኖር ኦስትሮም ይህንኑ ስትመረምር ኖራ በ2009 እ.ኤ.አ. የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማት ያገኘችው ግን ነገሩ እንዲያ እንዳልሆነ በማሳየቷ ነው። ሃርዲን የገለጸው የወል መሬትን ሳይሆን ጌታ የሌለው መሬትን ነበር። ድንበሩ የታወቀ፣ ተጠቃሚው የታወቀ፣ ደንቡን ራሱ ተጠቃሚው ያወጣው፣ አጥፊው የሚቀጣበት የወል ሀብት ለመቶዎች ዓመታት ሳይጠፋ ይኖራል።

ለዚህ ምስክር ፍለጋ ወደ ስዊዘርላንድ ተራሮች መሄድ አያሻንም። የመንዝ ጓሳ አለልን። ከ3200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ያ የጓሳ ሳር አገር ቄሮ በሚባለው ሥርዓት ለአራት መቶ ዓመታት ገደማ ሲጠበቅ እንደኖረ ይነገራል። የአቅኚ አባት ዘሮች የሆኑት ተጠቃሚዎች የራሳቸውን አለቃ ይመርጡ ነበር፤ ሜዳው ለዓመታት ይዘጋል፤ ሳሩ ለቤት ክዳን ሲደርስ፣ ወይም ድርቅ ሲመጣ፣ በአዋጅ ይከፈታል፤ ሳያስፈቅድ የገባ ይቀጣል። የ1967ቱ አዋጅ ይህን የርስት መብት ሲያነሳ ሥርዓቱ ተናጋ። ሆኖም የአካባቢው ሕዝብ በሌላ ስምና በሌላ አደረጃጀት መልሶ አቆመው፤ የአማራ ክልልም በኋላ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራነቱን በሕግ አወቀለት። ዛሬ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ለማየት ወደ ጓሳ የሚጓዝ ቱሪስት የሚያየው ያልተነካ ተፈጥሮ ሳይሆን በሰው ሕግ የተጠበቀ የግጦሽና የሳር መሬት ነው። ቦረናም ቢሆን የቱላ ጉድጓዶቹን የሚያስተዳድረው በአባ ሄሬጋ ተራ አስጠባቂነት ነው። የቦረና ሜዳ በቁጥቋጦ መወረር የጀመረውም ሕዝቡ ሥርዓት ስለሌለው አልነበረም። ሜዳውን በየጊዜው በእሳት የሚያድስበት ልማድ በ1960ዎቹ መጨረሻ ግድም በመንግሥት ስለተከለከለበት ነው እንጂ። ከተማ የተቀመጠ ሰው እሳትን ጥፋት፣ ዛፍን ልማት አድርጎ ማየቱ አገሪቱን ምን ያህል እንዳስከፈላት ገና አልተጻፈም።

ስለ ዛፍ ከተነሳ ወደ አዊ ልመለስ፤ ምክንያቱም በአዊ ስለ ሜዳ ማውራት ስለ ደከረንስ ሳያወሩ አይቻልም። ደከረንስ ከአውስትራሊያ የመጣ የግራር ዘር ነው። ፋግታ ለኮማ ወረዳ ውስጥ አፈሩ አሲዳማ ሆኖ ገብስና ጤፍ አልሰጥ ባለው ማሳ ላይ ገበሬው ራሱ ተከለው። የመጀመሪያውን ዓመት ከችግኙ መሐል እህል ያመርታል፤ በቀጣዩ ሳሩን ለከብቱ ያጭዳል፤ ከአራትና ከአምስት ዓመት በኋላ ዛፉን ቆርጦ ከሰል ያከስላል፤ መሬቱን መልሶ ይተክላል። ከሰሉ በአይሱዙ ተጭኖ አዲስ አበባ ይገባል። ቡና የፈላበት ከሰልዎ፣ አንባቢ ሆይ፣ ከዚያ ሊሆን ይችላል። ማንም ባለሙያ ሳያዘው የተስፋፋው ይህ ልማት ብዙ የቆርቆሮ ቤት አስገንብቷል፤ ብዙ ልጅ ዩኒቨርሲቲ አስገብቷል፤ የተራቆተ ተዳፋትንም አልብሷል። ይህን የሚክድ ሐቀኛ አይደለም።

ይሁንና ደከረንስ በማሳ ብቻ አልቆመም። ከማሳው ወደ ሜዳው ዳር፣ ከዳሩም ወደ መሐሉ ተሻገረ። ከደኑ ሥር ሳር አለ የሚለው እውነት ለሁለተኛው ዓመት እውነት ነው፤ ዛፉ ሲጠነክርና ጥላው ሲከብድ ሳሩ ይመነምናል። ከዚህም በላይ ያ ሳር የዛፉ ባለቤት ሳር እንጂ የጎጡ ሳር አይደለም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ዛፉን ዝገት መሰል የፈንገስ በሽታ ገብቶበት በሰፊው እያደረቀው ነው፤ ኑሮውን ሁሉ በአንድ የዛፍ ዘር ላይ የጣለ ገበሬም በአንድ በሽታ ከመንገድ ቀርቷል። ሜዳው ቢኖረው ቢያንስ ከብት ማርባት ይችል ነበር። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በየክረምቱ የሚካሄደው የችግኝ ተከላ ዘመቻም ከዚህ ጋር የተያያዘ ጣጣ አለው። ዘመቻው ባዶ መሬት ይፈልጋል፤ ለዘመቻው ኮሚቴ ደግሞ ዛፍ የሌለበት መሬት ሁሉ ባዶ ነው። ሳር ግን ባዶነት አይደለም። የሜዳ አፈር በሥሩ የሚይዘው ካርቦን፣ የሚያጠራቅመው ውሃ፣ የሚያበላው ከብት አለ። ጨፌ ላይ ባሕር ዛፍ መትከል ደግሞ ልማት ተብሎ የሚፈጸም ጉድጓድ ማድረቅ ነው።

በሌላው ጫፍ የቆመው የግብርና ባለሙያ የሚሰጠን መፍትሔ ልቅ ግጦሽን መከልከል ነው። ከብቱን አስረህ ቀልብ፤ ደሾ ሳርና ዝሆኔ ሳር ትከል፤ የከብትህን ቁጥር ቀንስ፤ ዝርያውን አሻሽል። በመርሕ ደረጃ የሚነቀፍ ነገር የለበትም፤ ተዳፋቱን ከልሎ ሳሩን በዕጣ እያጨዱ መከፋፈል በብዙ ተፋሰሶች ቦረቦሩን ደፍኖ ምንጩን መልሷል። ግን ማን ነው የሚያጭደው? ሁለት ልጆቿን ትምህርት ቤት የላከች፣ ባሏ የሞተባት ሴት ሦስት ከብት በእጇ አጭዳ መቀለብ አለባት ማለት ነው። መኖ የምትተክልበት ማሳስ ከወዴት ይመጣል? ሩብ ሄክታር ላለው ሰው ደሾ ትከል ማለት ጤፍህን ንቀል ማለት ነው። ደግሞም ፈረስን አስሮ መቀለብ ፈረስን በሬ ማድረግ ነው። ክልከላው የሚሠራው የተከለከለው ሜዳ መቼ እንደሚከፈት፣ ለማን እንደሚከፈት፣ ሳሩ እንዴት እንደሚከፋፈል ተጠቃሚው ራሱ ሲወስን ነው። ገበሬው እኮ ‘ክልክል’ የሚል የራሱ ቃል አለው፤ ለደረቁ ወራት ታጥሮ የሚቆይ ሜዳ ማለት ነው። ባለሙያው ከመምጣቱ በፊት የነበረ ቃል ነው።

ጃዊ ሌላ ዓለም ነው። ዞኑ ወደ ምዕራብ ሲዘቀዝቅ ሙቀቱ ይጨምራል፤ ሳሩ ከሰው ቁመት ይበልጣል፤ በጥርና በየካቲት እሳት ይገባበታል፤ ከብቱን ገንዲ ይፈጀዋል። ደርግ በ1970ዎቹ መጨረሻ ጣና በለስ ብሎ በአጎራባቹ ፓዊ ሰፈራውን ሲያካሂድ፣ ኢሕአዴግም ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ የጣና በለስን የስኳር ፕሮጀክት ጃዊ ላይ ሲተክል፣ ሁለቱም የተነሱት መሬቱ ባዶ ነው ከሚል እምነት ነበር። ባዶ አልነበረም። ጉሙዙ ከቦታ ቦታ እያፈራረቀ የሚያርሰው፣ የሚያድንበት፣ ማር የሚቆርጥበት መሬት ነበር፤ የደጋው ሰውም ይወርድበት ነበር። በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. በመተከል ዳንጉር የተጀመረው ግድያ ወደ ጃዊ ተሻግሮ በጉሙዞች ላይ በቀል ሲፈጸም፣ ሁሉም ወገን ስለ ብሔርና ስለ ካርታ ተናገረ። መሬቱ ሲታደል ተጠቃሚዎቹ ማን ማን እንደነበሩ መዝግቦ የያዘ መንግሥት እንዳልነበረ የተናገረ ግን ጥቂት ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 5 ለአርብቶ አደሮች ለግጦሽም ለእርሻም መሬት በነጻ የማግኘትና ከይዞታቸው ያለመፈናቀል መብት ሰጥቷል። ጉሙዙ አርብቶ አደር አይደለም፤ እንደ ደጋው ሰው በሬ ጠምዶ የሚያርስም አልነበረም። የአዊ ደገኛም በሜዳው ረገድ አርብቶ አደር ተብሎ አይጠራም። ሕጋችን ሁለት ዓይነት ሰው ብቻ ያውቃል፤ ሦስተኛው ሰው በሁለቱ መካከል ይወድቃል።

ምን ይደረግ? በእኔ እምነት የሚያስፈልገው መጀመሪያ ዘር መዝራትም እርከን መሥራትም አይደለም። ስም ነው። በአማራ ክልል ከ1995 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የይዞታ ደብተር ሲታደል የግል ማሳ በባልና በሚስት ስም ተመዘገበ፤ የወል መሬት ግን በአብዛኛው በቀበሌ ስም ሰፈረ። ቀበሌ የአስተዳደር እርከን ነው እንጂ የሜዳው ተጠቃሚ አይደለም። አንድ ቀበሌ ውስጥ አሥር ጎጥ ሊኖር ይችላል፤ ሜዳውን የሚጋጡት ግን ሦስቱ ናቸው። ደብተሩ በሦስቱ ጎጦች ተጠቃሚዎች ስም ይሁን፤ ከሌላ ቀበሌ የሚመጡ ባለመብቶች ካሉም በስም ይጻፉ፤ ድንበሩ ይተከል። (የጎጃም ገበሬ መሬት ሊለካ የመጣን ሹም በምን ዓይን እንደሚያይ በ1960 ዓ.ም. ታይቷልና ልኬቱን የመረጣቸው ሽማግሌዎች ፊት ማድረጉ አይከፋም።) ይህ በደቡብና በምሥራቅ የአገራችን ክፍል አሳታፊ የግጦሽ መሬት አስተዳደር በሚል ስም ከአሥር ዓመት በላይ የተሞከረ ነገር ስለሆነ ከባዶ የሚጀመር አይደለም። ለቦረና የሚሠራ ለባንጃ የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም።

ስሙ ከተጻፈ በኋላ የሚመጣው የቴክኒክ ሥራ የሚታወቅ ነው። አሜከላውን መንቀል፣ ቦረቦሩን መድፈን፣ ሜዳውን በተራ ማሳረፍ፣ ጨፌውን ከባሕር ዛፍና ከፓምፕ መጠበቅ። ለዚህ አንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ቅርብ ነው፤ የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲም እዚያው ተቀምጧል። የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፋቸው የአንድ ወረዳ ሜዳዎችን ብቻ እየዞሩ፣ የት እንደነበሩ፣ ስንት ጎጥ ይጋጣቸው እንደነበረ፣ ማን በምን ውሳኔ እንደወሰዳቸው ቢመዘግቡ እስከ ዛሬ ከተጻፉት የፕሮጀክት ሰነዶች የሚበልጥ ጥቅም ይሰጡ ነበር።

አንድ መቃወሚያ ይጠብቀኛል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ክልሉ በጦርነት ውስጥ ሆኖ፣ የወረዳ ባለሙያ ቀበሌ መውረድ ባልቻለበት፣ መንገድ በሚዘጋበት፣ ገበሬው ለማን እንደሚገብር ባልለየበት ጊዜ ስለ ሜዳ ምዝገባ ማውራት ቅንጦት አይሆንም ወይ? መቃወሚያው ክብደት አለው። እኔ ግን ነገሩን በተቃራኒው ነው የማየው። መንግሥት በሌለበት ጊዜ ነው ሜዳ የሚታረሰው፤ ጉልበት ያለው ሌሊት አጥሮ ጠዋት ባለይዞታ የሚሆነው እንዲህ ባለው ወቅት ነው። ሰላም ሲወርድ የሚመለሰው ሹም የሚያገኘው አጥር ነው፤ አጥሩን ደግሞ አንድም ሹም ሲያፈርስ አላየንም፤ ግብር አስከፍሎ ሕጋዊ ያደርገዋል።

ታዲያ መንግሥት በማይደርስበት ሜዳውን ማን ይጠብቅ? እዚህ ላይ ነው የፈረሰኞች ማኅበር ትዝ የሚለኝ። ማኅበሩ የጥር 23 ቀን ትርኢት ብቻ አይደለም። በየአካባቢው አባላት፣ አለቆችና መተዳደሪያ ደንብ ያሉት፣ ሲጋቡ የሚያጅብ፣ ሲሞቱ የሚቀብር፣ ሲጣሉ በሽማግሌ የሚያስታርቅ፣ ደንብ የጣሰን አባል የሚቀጣ ድርጅት ነው። አስተዳደሮች ሦስት ጊዜ ሲለዋወጡ እርሱ ቆይቷል። ቃሉን ለማስከበር ፖሊስ አያስፈልገውም፤ ከፈረሰኞች መሐል መገለል በቂ ቅጣት ነውና። ለሜዳው መኖር ደግሞ ከማንም በላይ ቀጥተኛ ጥቅም ያለው እርሱ ነው። በየጎጡ ያሉት አባላቱ የሜዳቸውን ድንበር ከሽማግሌዎች ጋር ዞረው በወረቀት ላይ ቢያሰፍሩ፣ የመዝጊያና የመክፈቻ ወራቱን ቢወስኑ፣ ያጠረና ያረሰ አባል እንዳይጋልብ ቢደነግጉ የሚከለክላቸው ሕግ የለም። የተጻፈው ዝርዝር በሕግ ፊት ዛሬ ደብተር አይሆንም። ነገር ግን የመሬት አስተዳደሩ ባለሙያ ተመልሶ ወደ ቀበሌው በሚወርድበት ቀን በጠረጴዛው ላይ የሚያገኘው አጥረው የያዙ ሰዎች ማመልከቻ ብቻ አይሆንም፤ የሽማግሌዎቹ ፊርማ ያለበት ያ ወረቀትም አብሮ ይጠብቀዋል።